ዝም ያለ ደንበኛ ረክቷል ማለት አይደለም

ዛሬ የምናወራው በየወሩ ከባንክ ሒሳባችን ገንዘብ ስለሚወስዱት ድርጅቶች ነው። የስልኩ፣ የኢንተርኔቱ፣ የቴሌቪዥኑ፣ የኢንሹራንሱ ማለቴ ነው። ደንበኛን እያንገላቱ ለዓመታት ትርፍ የሚያገኙ ድርጅቶች እንዳሉ ሁላችንም እናውቃለን። ታዲያ ጥሩ የደንበኛ አገልግሎት ለአንድ ድርጅት ዕድሜ እውነት ለውጥ ያመጣል? ወይስ «ደንበኛ ንጉሥ ነው» ተብሎ ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ወረቀት ብቻ ነው?

ያመጣል። ግን ሒሳቡ ወዲያው አይመጣም። መጥፎ አገልግሎት እንደ ዱቤ ነው፤ ስትወስደው ይቀላል፣ ስትከፍለው ይከብዳል። ይህንን በቀላል ሒሳብ፣ በአንድ የኢኮኖሚክስ ሐሳብ፣ ከዚያም እዚሁ አገራችን በ2012 በሞባይል ስልክ ገበያ ላይ በሆነው ነገር ላሳያችሁ። መጨረሻ ላይ ነገሩ ቤታችን ድረስ ይገባል፣ ወላጆቻችን ጋ። ዓመቶቹን ሁሉ የምጠራው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

መጀመሪያ ከቃሉ ልነሳ። በዕብራይስጥ ደንበኛ «ላኮዋሕ» ይባላል፤ «ላካሕ»፣ ማለትም ወሰደ፣ ከሚለው ስር የመጣ ቃል ነው። ዕቃውን ወስዶ የሚሄድ ሰው እንደማለት። አማርኛው ግን ሌላ መንገድ ይሄዳል። እናታችሁ ስለ አንዲት ሻጭ «ደንበኛዬ ናት» ስትል አንድ ቀን ከሷ ገዛሁ ማለቷ አይደለም፤ ሁልጊዜ የምገዛው ከሷ ነው ማለቷ ነው። ደግሞ ልብ በሉ፣ ሻጯም እናታችሁን «ደንበኛዬ» ነው የምትላት። ቃሉ ለሁለቱም ነው። አንዱ ሌላውን ይዟል።

አያቴ ስለ ድሮው የጎንደር ገበያ ስታወራ እህል ሻጯ በቁና ሰፍራ ከጨረሰች በኋላ ከላዩ ትንሽ ትጨምር እንደነበር ትነግረኛለች። ያ ጭማሪ «ምርቃት» ይባላል። ሻጯ ሞኝ ሆና አይደለም። አንድ እፍኝ እህል ዛሬ ትሰጣለች፣ በሚቀጥለው ገበያ ገዢዋ ዙራ እሷው ጋ ትመጣለች። የትኛውም የቢዝነስ ትምህርት ቤት የሚያስተምረው ነገር እዚያች እፍኝ ውስጥ አለ፦ የዛሬውን ሽያጭ ብቻ አትቁጠር፣ የሚመጣውንም ቁጠር።

አሁን ወደ ሒሳቡ። እንበል አንድ ቤተሰብ አምስት የስልክ መስመር አለው፣ እያንዳንዱ በወር 40 ሸቀል። በወር 200 ሸቀል ሆነ። በዓመት 2,400። በአሥር ዓመት 24,000። አንድ ቀን ይህ ቤተሰብ «80 ሸቀል ያላግባብ ተቆርጦብናል» ብሎ ይደውላል። ስልኩን ያነሳው ሠራተኛ 80ውን ሸቀል ላለመመለስ ሃያ ደቂቃ ቢከራከርና ቢያሸንፍ፣ ድርጅቱ በዚያ ወር 80 ሸቀል አትርፏል። ቤተሰቡ ግን በሚቀጥለው ወር አምስቱንም መስመር ይዞ ከሄደ የቀረው የብዙ ሺህ ሸቀል ገቢ ነው። ያ ኪሳራ ግን የትም ወረቀት ላይ «ከ80 ሸቀል ክርክር የመጣ» ተብሎ አይጻፍም። ትርፉ ይታያል፣ ኪሳራው አይታይም። ችግሩ ሁሉ እዚህ ላይ ነው።

በኛ ማኅበረሰብ ደግሞ ሌላም የማይጻፍ ነገር አለ። ወሬው ሰርግ ላይ፣ ለቅሶ ቤት፣ ቡና ላይ ይወራል። «እነዚያ ሰዎች ገንዘቤን በሉኝ» የሚል አንድ ቃል ኔታንያ ተነግሮ በማግስቱ ረሖቮት ይሰማል። ዛሬ ደግሞ የቤተሰብ ዋትሳፕ አለ፣ እስከ ማግስቱም አይቆይም።

ይህንን ከውስጥም አይቼዋለሁ። ከጻቫ ከወጣሁ በኋላ፣ እንደ ብዙዎቻችሁ፣ እኔም በአንድ ድርጅት ሞኬድ ውስጥ ስልክ እያነሳሁ ሠርቻለሁ። ግድግዳው ላይ ትልቅ ስክሪን ነበር። ስንት ሰው መስመር ላይ እየጠበቀ እንደሆነ፣ አንድ ጥሪ በአማካይ ስንት ደቂቃ እንደፈጀ፣ ማን ስንት ጥሪ እንዳነሳ ይታያል። ስክሪኑ ላይ የማይታየው የደወለው ሰው ችግሩ መፈታቱ ነበር። ሰውየው ሳይገባው ስልኩን ቢዘጋ ጥሪው አጭር ስለሆነ ሠራተኛው ይመሰገናል። ነገ ተመልሶ ሲደውል ደግሞ እንደ አዲስ ጥሪ ይቆጠራል።

አንድ ቀን በዕድሜ የገፉ አባት ደወሉ። ዕብራይስጡ ሲያስቸግራቸው ሰማሁና «ጋሼ፣ በአማርኛ ይንገሩኝ» አልኳቸው። ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ ልጄ» ብለው ነገሩን ማስረዳት ጀመሩ። ማንም የማይጠቀምበት ሁለተኛ መስመር በስማቸው ተከፍቶ ለዓመታት ከሒሳባቸው ሲቆረጥ ኖሯል። ለምን ቀደም ብለው እንዳልደወሉ ስጠይቃቸው «ደውዬ ነበር እኮ፣ ቁጥር ተጫን ይላል፣ ከዚያ ሙዚቃ ነው፣ ከዚያ ይጠፋል» አሉኝ። መስመሩን ዘጋሁላቸው። ከዚያ በኋላ ፋይላቸውን ሳየው ምን ይላል መሰላችሁ? በጊዜው የሚከፍል፣ አንድም ቅሬታ የሌለው ደንበኛ። በድርጅቱ ዓይን እኚህ አባት ከረኩት ደንበኞች አንዱ ነበሩ።

አሁን ወደ ኢኮኖሚክሱ ሐሳብ ልግባ፣ ምክንያቱም እኚህን አባት ደህና አድርጎ የሚያስረዳልን እሱ ነው። አልበርት ሂርሽማን የሚባል ምሁር ነበር፤ በ1915 በርሊን ከአይሁድ ቤተሰብ የተወለደ፣ ናዚዎች ሥልጣን ሲይዙ ከጀርመን የሸሸ፣ በኋላም አሜሪካ ገብቶ ታላቅ የኢኮኖሚክስ ሰው የሆነ። በ1970 «መውጣት፣ ድምፅና ታማኝነት» የሚል ትንሽ መጽሐፍ ጻፈ። ሐሳቡ ቀላል ነው። አንድ ድርጅት እየተበላሸ ሲሄድ ደንበኛው ሁለት መንገድ አለው፤ ወይ ይወጣል፣ ወይ ድምፁን ያሰማል። ታማኝነት ደግሞ ሰውዬው ከመውጣቱ በፊት ቆም ብሎ እንዲናገር የሚያደርገው ነገር ነው።

ሂርሽማን ሐሳቡን ያገኘው አፍሪካ ውስጥ ነው። በናይጄሪያ የባቡር አገልግሎቱ መጥፎ ነበር። ከሰሜኑ ክፍል ለውዝ ወደ ወደብ ለመውሰድ፣ መንገዱ ያን ያህል ረጅም ሆኖ ሳለ፣ ነጋዴዎች ባቡሩን እየተዉ በጭነት መኪና ይጠቀሙ ጀመር። ሰው «ውድድር ከመጣ ባቡሩ ይሻሻላል» ብሎ ያስባል፣ አይደል? አልተሻሻለም። ለምን? የሚጮኹት፣ የሚከራከሩት፣ አለቃውን የሚያስጨንቁት ደንበኞች መጀመሪያ ወጡ። ባቡሩ ጋ የቀሩት ዝም የሚሉት ናቸው። የባቡሩን ገቢ ደግሞ መንግሥት ስለሚደጉመው የደንበኛው መሄድ ብዙም አላመመውም። ስለዚህ ባቡሩ ደንበኛውንም፣ ጆሮውንም አጣ።

እዚህ ላይ ነው ዋናው ነገር። ቅሬታ ለድርጅት የሚሰጥ ነፃ መረጃ ነው። ደውሎ የሚቆጣ ሰው «ልሄድ ነው፣ ግን ገና አልሄድኩም» እያለ ነው። የደንበኛ አገልግሎት ማለት ፈገግታና «ቀንህ ይባረክ» ብቻ አይደለም፤ የድርጅቱ ጆሮ ነው። ጆሮውን የዘጋ ድርጅት ለጥቂት ዓመታት ሰላም ያገኛል፣ ቅሬታውም ይቀንስለታል፣ አለቆቹም ደስ ይላቸዋል። ግን ምን እንደበሰበሰ የሚነግረው ሰው የለም።

አገራችን ይህንን በትልቁ አይታዋለች። ትልልቆቻችን ያስታውሳሉ፤ ትንንሾቹ ምናልባት አልሰማችሁም። ለብዙ ዓመታት የሞባይል ገበያው በሦስት ትልልቅ ድርጅቶች እጅ ነበር፦ ፔሌፎን፣ ሴልኮም እና በዚያን ጊዜ ኦሬንጅ በሚል ስም ይሠራ የነበረው ፓርትነር። ዋጋው ውድ ነበር። ሒሳቡን ለማንበብ ራሱ ባለሙያ ያስፈልግ ነበር። ውል ትፈርማለህ፣ ከጊዜው በፊት ልውጣ ካልክ የመውጫ ቅጣት ትከፍላለህ። እስከ 2007 መጨረሻ ድረስ ደግሞ ድርጅት ከቀየርክ ቁጥርህን ይዘህ መሄድ አትችልም ነበር። አንድ ሱቅ ያለው ሰው ወይም ቁጥሩን ዘመድ ሁሉ የያዘው ሰው ቁጥሩን ትቶ እንዴት ይሄዳል?

በዚያን ጊዜ ድርጅቶቹን ብትጠይቋቸው ደንበኞቻችን ታማኝ ናቸው ሊሏችሁ ይችሉ ነበር። ግን በር የተቆለፈበት ሰው ታማኝ ይባላል እንዴ?

ከዚያ በሩ ቀስ በቀስ ተከፈተ። በታኅሣሥ 2007 ቁጥርን ይዞ መሄድ ተፈቀደ። ሞሼ ካሕሎን የመገናኛ ሚኒስትር በነበሩበት ጊዜ የመውጫ ቅጣቱ በሕግ ተገደበ፣ በኋላም ተነሳ። በግንቦት 2012 ደግሞ ጎላን ቴሌኮምና ሆት ሞባይል ገበያ ገቡ፤ በወር ከ100 ሸቀል በታች እስከፈለግክ አውራ፣ ውል የለም፣ ቅጣት የለም አሉ። ከዚያ የሆነውን ታውቃላችሁ፦ በአንድ ዓመት ውስጥ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ጓዛቸውን ጠቅልለው ሄዱ። ሦስቱ ድርጅቶች ዋጋቸውን ለመቀነስ ተገደዱ፣ ትርፋቸው ወረደ፣ በሚቀጥሉት ዓመታት በሺዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞች ከሥራ ወጡ። ከወጡት ውስጥ ብዙዎቹ እንደኛ ያሉ ስልክ የሚያነሱ ወጣቶች ናቸው። ልብ በሉ፣ የአለቆች ውሳኔ ዕዳ የሚከፈለው ብዙ ጊዜ በታችኛው ሠራተኛ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ሰው ይነሳና «ቆይ፣ ሰዎቹ የሄዱት ለዋጋ ነው እንጂ ለአገልግሎት አይደለም፤ ጎላን እኮ እንደ ትልልቆቹ በየከተማው የአገልግሎት ቢሮ አልነበረውም» ይላል። ጥሩ ጥያቄ ነው። ዋጋው ትልቁን ሥራ እንደሠራ አልክድም። ግን አስቡት፤ ትልልቆቹ ቢሮ ነበራቸው፣ ሞኬድ ነበራቸው፣ ሰው ነበራቸው። ያ ሁሉ ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚያስረዳው ድርጅቱ ራሱ ያወሳሰበውን ነገር ነበር። አዲሶቹ የሸጡት ርካሽ ስልክ ብቻ ሳይሆን የሚገባ ሒሳብም ነበር። አንድ ዋጋ፣ አንድ መስመር፣ ስትፈልግ ውጣ። መደወል የማያስፈልገው ደንበኛ ጥሩ አገልግሎት ያገኘ ደንበኛ ነው።

ይህ የኔ ሐሳብ ብቻ አይደለም። በ2010 በሃርቫርድ ቢዝነስ ሪቪው ላይ የወጣ ታዋቂ ጽሑፍ ደንበኛን ለማስደነቅ መሯሯጡን ተዉት፣ ይልቅ ድካሙን ቀንሱለት ይላል። ሰው ድርጅትን የሚተወው ስጦታ ስላልሰጡት ሳይሆን አንድን ነገር ለመጨረስ ሦስት ጊዜ ስላስደወሉት፣ ታሪኩን ለአምስት ሰው ስላስደገሙት ነው።

ዋጋ ብቻውን ለዘላለም እንደማያኖርም ጎላን ራሱ ምሳሌ ነው። አገሩን ሁሉ የሚሸፍን የራሱ ኔትወርክ አልነበረውም፣ በሴልኮም ኔትወርክ ላይ ይደገፍ ነበር፤ በ2017 ለሌላ ድርጅት ተሸጠ፣ በ2020 ደግሞ ሴልኮም ገዛው። ዋጋን ማንም ሊቀንስ ይችላል። እምነትን ግን ተወዳዳሪ በአንድ ሌሊት አይገለብጠውም።

አሁን ወደ ቤታችን እንምጣ። በሩ በሕግ ለሁሉም ተከፍቷል። ግን ሁሉም በሩን ያየዋል? ዕብራይስጥ የሚችል፣ መከራከር የለመደ ሰው ደውሎ «ልወጣ ነው» ሲል ወዲያው ወደ «ሺሙር ላኮሖት» ያስተላልፉታል፤ እዚያ ዋጋ ይቀንሱለታል፣ ሦስት ወር ነፃ ይሰጡታል። የማይደውለው ሰው አሮጌውን ዋጋ እየከፈለ ይቀራል። እናም ዝምተኛው የጯሂውን ቅናሽ ይከፍላል ማለት ነው።

የኛ ወላጆች ደግሞ ለምን ዝም እንደሚሉ እናውቃለን። አንዱ ቋንቋው ነው። ሌላው ግን አስተዳደጉ ነው። ሰውን አለማስቸገር፣ ቃልን አለማንሳት፣ በገንዘብ አለመጨቃጨቅ ጨዋነት ነው ብለው ነው ያደጉት። «ይሁን፣ ለ30 ሸቀል ብዬ!» ይላሉ። እኔ ይህንን ጨዋነት እወደዋለሁ፣ እንዲጠፋም አልፈልግም። ግን በሆራአት ኬቫ የሚቆርጥ ኮምፒዩተር ጨዋነት አያውቅም። ዝምታህን «ረክቷል» ብሎ ነው የሚመዘግበው።

ስለዚህ ከዚህ ዝግጅት አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ ይህን ሕግ ያዙ። ከሐምሌ 2019 ጀምሮ እንደ ስልክ፣ ኢንተርኔት፣ የኬብልና የሳተላይት ቴሌቪዥን፣ ጋዝ ያሉ አገልግሎቶች፣ ጥሪው ለብልሽት፣ ለሒሳብ ጥያቄ ወይም ውል ለማቋረጥ ከሆነ፣ በ6 ደቂቃ ውስጥ ሰው እንዲያናግራችሁ ግዴታ አለባቸው። አንዳንድ ልዩ ሁኔታ አለ፣ ግን ዋናው ይህ ነው። በየወሩ የሚቀጥልን ውል ማቋረጥ በስልክም፣ በኢሜይልም ይቻላል፤ ካሳወቃችሁ በኋላ በ3 የሥራ ቀን ውስጥ መቋረጥ አለበት። በተመዘገበ ደብዳቤ ከላካችሁ ደግሞ 6 የሥራ ቀን ነው።

ሌላው ለወላጆቻችን በጣም የሚጠቅም ነው። ሻጭ በስልክ ደውሎ ወይም ቤት መጥቶ የሸጠውን ነገር ማንኛውም ሰው በ14 ቀን ውስጥ ሊሰርዝ ይችላል። ዕድሜው 65 የሞላ ሰው፣ አካል ጉዳተኛ፣ ወይም ከመጣ 5 ዓመት ያልሞላው ኦሌ ሐዳሽ ግን፣ ግዢው ከሻጩ ጋር በመነጋገር የተደረገ ከሆነ፣ 4 ወር አለው። አዎ፣ 4 ወር። አንዳንድ ዕቃና አገልግሎት ከዚህ ውጭ ነው፣ ቢሆንም መጠየቁ አይከፋም። ድርጅቱ እምቢ ካለ ለእስራኤል የሸማቾች ምክር ቤት ወይም ለሸማቾች ጥበቃና ፍትሐዊ ንግድ ባለሥልጣን ቅሬታ ማቅረብ ይቻላል፤ የትናንሽ ክሶች ፍርድ ቤትም አለ፣ እዚያ ጠበቃ አያስፈልግም።

አድማጮቼ፣ ከናንተ ውስጥ ዛሬ ሞኬድ ውስጥ ያላችሁ አላችሁ። ነገ የምግብ ቤት፣ የጸጉር ቤት፣ የእንጀራ መጋገሪያ ባለቤት የምትሆኑም አላችሁ። ለናንተ ሦስት ነገር ልበል። አንደኛ፣ የጥሪውን ርዝመት ሳይሆን ሰውየው ለዚያው ነገር ተመልሶ መደወሉን ቁጠሩ። ሁለተኛ፣ የሚቆጣውን ደንበኛ አታባርሩት፤ ሊነግራችሁ የፈለገውን ሌሎች ሃያ ሰዎች ሳይነግሯችሁ ሊሄዱ ይችላሉ። ሦስተኛ፣ ዝም ብሎ የሚከፍለውን ሰው አንዳንዴ እናንተው ደውሉለት። «ጋሼ፣ ይህን መስመር ይጠቀሙበታል? ካልተጠቀሙበት እንዝጋው» ብላችሁ ጠይቁ። በዚያ ወር ገቢያችሁ ትንሽ ይቀንሳል። ግን ሰውየው የሄደበት ሰርግ ሁሉ ስማችሁን በደግ ያነሳል። ይኸው ነው የዘመናችን ምርቃት።

ደንበኛ ያልሆናችሁ፣ ልጆች ብቻ የሆናችሁ ደግሞ፣ ቀላል የቤት ሥራ አለቻችሁ። በዚህ ሳምንት ከወላጆቻችሁ ጋር ቁጭ ብላችሁ የባንክ ወረቀታቸውን አንድ ጊዜ ተመልከቱ። እያንዳንዱን ሆራአት ኬቫ እያነበባችሁ «ይህ ምንድን ነው?» በሉ። እነሱም «እኔ እንጃ» ካሉ፣ ስልኩን አንሱና ደውሉ። እነሱ አጠገባችሁ ይቀመጡ፣ ይስሙ፤ በሚቀጥለው ጊዜ ራሳቸው ይደውላሉ።

ለዛሬው ይህን ያህል ነው። ያገኛችሁትን ነገር፣ የተመለሰላችሁ ገንዘብ ካለም፣ ንገሩን። እስክንገናኝ ሰላም ሁኑ፣ ሻባት ሻሎም።